አህጉሮችን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ከየት ይመጣል?

የጂኦግራፊ መማሪያ መጻሕፍት የቴክቶኒክ ፕሌቶችን (የምድር ጠንካራ የላይኛው ክፍል የተከፋፈለባቸውን ግዙፍ ሰሌዳዎች) እንቅስቃሴ ለማስረዳት አንድ የታወቀ ሥዕል አላቸው፦ ከሥሩ እሳት የተለኮሰበት ድስት። ፈሳሹ መሃል ላይ ፈልቶ ይወጣል፣ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ዳር ላይ ተመልሶ ይወርዳል፤ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውንም ይዞት ይሄዳል። አህጉሮችም እንዲሁ ይነዳሉ ይባላል። ሥዕሉ ለማስታወስ ቀላል ነው። ችግሩ ማን ማንን እንደሚያንቀሳቅስ ገልብጦ ማሳየቱ ነው።

ሲጀመር ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ፈሳሽ አይደለም። ከቅርፊቱ ሥር ጀምሮ እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚወርደው ማንትል ጠጣር ዐለት ነው። ይህን የምናውቀው ከመሬት መንቀጥቀጥ በሚነሡት ኤስ ሞገዶች ነው። እነዚህ ሞገዶች ፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችሉም፤ ማንትልን ግን ከላይ እስከ ታች ያቋርጡታል፣ የሚቆሙትም ፈሳሹ የውጭ እምብርት ጋ ሲደርሱ ነው። ሆኖም እስከ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ የሞቀ ጠጣር ዐለት፣ ጊዜ ከተሰጠው፣ ሳይቀልጥ ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ዝልግልግነቱ፣ ማለትም መፍሰስን የሚቃወምበት መጠን፣ በፓስካል ሰከንድ ሲለካ ከ1 ኋላ 21 ዜሮ ተደርድሮ የሚጻፍ ቁጥር ነው፤ የውሃ ዝልግልግነት በዚሁ መለኪያ አንድ ሺህኛ ብቻ ነው። ስለዚህ «ፕሌቶች በቀለጠ ዐለት ላይ ይንሳፈፋሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ ፈተና ላይ ነጥብ ቢያሰጥም፣ ስሕተት ነው። ቅልጥ ዐለት የሚገኘው በውቅያኖስ ሸንተረሮች (ፕሌቶች በሚለያዩበት የባሕር ወለል ላይ በተዘረጉ የተራራ ሰንሰለቶች) እና በእሳተ ገሞራዎች ሥር፣ በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው።

እሳቱም ከሥር ብቻ አይደለም። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት ወደ 47 ትሪሊዮን ዋት ይጠጋል፤ ይህ የሰው ልጅ በአጠቃላይ ከሚጠቀመው ኃይል ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ግማሽ ያህሉ የሚመነጨው ዐለቱ ውስጥ በተበተኑት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ቀስ በቀስ መፈራረስ ነው። የቀረው ምድር ስትፈጠር የያዘችው የጥንት ሙቀት ነው። ከውስጡ የሚሞቅ፣ ከላዩ የሚቀዘቅዝ ነገር ከሥር ብቻ እንደሚሞቅ ድስት አይፈላም። ጠንካራው እንቅስቃሴ የሚነሣው ከላይ ነው፦ ገጽታው ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ሙቁ ዐለት በአብዛኛው የሚወጣው የተለቀቀውን ቦታ ለመሙላት፣ በስፋትና በዝግታ ነው።

ሦስተኛው ጥፋት ከሁሉም ይብሳል። በድስቱ ሥዕል ተንሳፋፊው ከፈሳሹ የተለየ ባዕድ ነገር ነው። ፕሌት ግን ባዕድ አይደለም፤ የማንትሉ የቀዘቀዘ የላይኛው ክፍል ራሱ ነው። የውቅያኖስ ፕሌት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው ከዚህ ውስጥ ቅርፊት የሚባለው 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የተቀረው 93 ኪሎ ሜትር የቀዘቀዘ ማንትል ነው። ታዲያ «ኮንቬክሽን (የሞቀው ሲወጣ የቀዘቀዘው የሚወርድበት ዝውውር) ፕሌቶችን ይነዳል» ማለት ምን ማለት ነው? ፕሌቱ ራሱ የኮንቬክሽኑ ቀዝቃዛ እጅ ነው። የሚነዳው የለም፤ የሚወድቀው እሱ ነው።

የክብደቱ ሂሳብ

ይህን በቃል ብቻ ከመቀበል በቁጥር ማየት ይሻላል። ሂሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው።

የማንትል ዐለት በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 3,300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በእያንዳንዱ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከመቶ ሺህ ሦስት እጅ ያህል ይኮማተራል። የውቅያኖስ ፕሌት ላዩ ወደ ዜሮ ዲግሪ፣ ሥሩ ወደ 1,300 ዲግሪ ስለሆነ በአማካይ ከታቹ ካለው ማንትል በ650 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። 3,300 ሲባዛ በ0.00003 ሲባዛ በ650፣ ውጤቱ 64 ኪሎ ግራም ነው። እያንዳንዱ ኪዩቢክ ሜትር የቀዘቀዘ ፕሌት በዙሪያው ካለው ሙቅ ዐለት በ64 ኪሎ ይከብዳል። ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ግን በ100 ኪሎ ሜትር ውፍረት ሲባዛ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 6,400 ቶን ትርፍ ክብደት ይሆናል።

ከዚህ ላይ ቅርፊቱ ይቀነሳል። የውቅያኖስ ቅርፊት ባዛልት ነው፤ 2,900 ኪሎ ግራም ብቻ ስለሚመዝን ወደ ላይ ያነሣል። 400 ኪሎ ልዩነት በ7,000 ሜትር ሲባዛ 2,800 ቶን ማንሻ ነው። 6,400 ሲቀነስ 2,800፣ ትርፉ 3,600 ቶን፤ ያረጀ የውቅያኖስ ፕሌት ሰማጭ ነው። ገና የተወለደ ፕሌት ግን ቀጭን ነው። 35 ኪሎ ሜትር ብቻ የቀዘቀዘ ከሆነ ቅዝቃዜው የሚሰጠው ክብደት 2,240 ቶን ነው፣ ቅርፊቱ ያሸንፈውና ይንሳፈፋል። ሚዛኑ የሚገለበጠው ፕሌቱ ከተወለደ ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

አሁን አህጉርን በዚሁ ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። ቅርፊቱ 35 ኪሎ ሜትር ውፍረት አለው፣ በኪዩቢክ ሜትር 2,800 ኪሎ ይመዝናል። 500 ሲባዛ በ35,000፣ ማንሻው 17,500 ቶን ነው። የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ 6,400ው ይህን አይችለውም። ህንድ ከእስያ ጋር ስትጋጭ እንደ ውቅያኖስ ወለል ወደ ታች ያልገባችው፣ ይልቁንም ሂማላያ ተቆልሎ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የውቅያኖስ ወለል ማግኘት የሚያዳግተው ይህ ሚዛን ስላለ ነው፤ አህጉሮች ላይ ግን የ4 ቢሊዮን ዓመት ዐለት አለ።

ፕሌቱ ጫፉ አንዴ ወደ ታች ከታጠፈ በኋላ ነገሩ ይፋጠናል። ባዛልቱ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሲደርስ ግፊቱ ማዕድናቱን ይለውጥና ኤክሎጃይት ወደሚባል ዐለት ይቀየራል፤ ክብደቱም ወደ 3,500 ኪሎ ይወጣል። ያ ሲያነሣ የነበረው ቅርፊት አሁን ይጎትታል። 410 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ኦሊቪን የሚባለው የማንትሉ ዋና ማዕድን ወደ ጠበቀ ቅርጽ ይለወጣል። በቀዝቃዛው ሰማጭ ጠፍጣፋ (ወደ ማንትል በገባው የፕሌቱ ክፍል) ውስጥ ይህ ለውጥ ከአካባቢው ቀድሞ፣ ከፍ ብሎ ስለሚፈጸም ተጨማሪ ክብደት ይሰጠዋል።

ቅዝቃዜውን ብቻ ይዘን ብንቀጥል፣ 660 ኪሎ ሜትር የወረደ ጠፍጣፋ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር የወርዱ ርዝመት 4 ቢሊዮን ቶን ትርፍ ክብደት ተሸክሟል። በጉልበት ሲሰላ 40 ትሪሊዮን ኒውተን ነው። የምንፈልገው ጉልበት ይኸው ነው።

ጉልበቱ የት ይባክናል

ብዙ ጽሑፎች እዚህ ያቆማሉ፤ ይህም ሌላ ስሕተት ይፈጥራል። 40 ትሪሊዮኑ ሙሉ በሙሉ ላይ ወዳለው ፕሌት ቢተላለፍ ኖሮ በ100 ኪሎ ሜትር ውፍረት ላይ 400 ሜጋፓስካል የሚደርስ ውጥረት ይፈጠር ነበር፤ ፕሌቶች ግን በአብዛኛው በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋፓስካል ብቻ ነው የሚሸከሙት። አብዛኛው መንገድ ላይ ያልቃል ማለት ነው።

አንዱ ወጪ መታጠፍ ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለውን ቀዝቃዛ ዐለት ማጉበጥ ርካሽ አይደለም። ሁለተኛው ከላይኛው ፕሌት ጋር ያለው መፋተግ ነው፤ ታላላቆቹ የጃፓን፣ የቺሌና የሱማትራ መሬት መንቀጥቀጦች የሚነሡት ከዚህ ገጽ ነው። እዚህ ላይ ውሃና ፕሌቱ በሚታጠፍበት ጥልቅ የውቅያኖስ ቦይ ውስጥ የተከማቸ ለስላሳ ደለል እንደ ቅባት ያገለግላሉ። ትልቁ ወጪ ግን የማንትሉ ዝልግልግነት ነው። ጠፍጣፋው ሲወርድ ዙሪያውን ያለውን ዐለት ገፍቶ ማንቀሳቀስ አለበት። 660 ኪሎ ሜትር ላይ ሌላ እንቅፋት ይጠብቀዋል፤ እዚያ ያለው የማዕድን ለውጥ ከ410ሩ በተቃራኒ በቀዝቃዛ ዐለት ውስጥ ይዘገያል፣ ከታች ያለው ማንትልም የበለጠ ዝልግልግ ነው። በጃፓን በኩል የገባው የፓሲፊክ ጠፍጣፋ በዚህ ድንበር ላይ ተጋድሞ ወደ ቻይና ሥር ተዘርግቷል። ከሰሜን አሜሪካ ሥር የገባው ጥንታዊው የፋራሎን ፕሌት ግን ድንበሩን ጥሶ ወደ ታችኛው ማንትል ዘልቋል።

ከወጪው የተረፈው በአንድ ሜትር ጥቂት ትሪሊዮን ኒውተን ነው፤ ፕሌቱን የሚጎትተውም ይህ ነው። ዙሪያውን ለማንቀሳቀስ የወጣው ግን በከንቱ አልጠፋም። ጠፍጣፋው ሲሰምጥ በዙሪያው የሚፈጠረው ፍሰት በአቅራቢያ ያሉትን ፕሌቶች፣ ከላዩ ያለውንም ጭምር፣ ወደ ቦይው ይስባቸዋል። ደቡብ አሜሪካ ይህ ነው የሚባል የራሷ ሰማጭ ጫፍ ሳይኖራት ወደ ምዕራብ፣ የናዝካ ፕሌት ከሥሯ ወደሚሰምጥበት ቦይ የምትሄደው በከፊል በዚህ ስበት ነው።

ማስረጃው ከፍጥነታቸው ነው

እ.ኤ.አ. 1975 የጂኦፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ፎርሳይትና ሴያ ኡዬዳ የፕሌቶችን ፍጥነት ከቅርጻቸው ጋር አመሳከሩ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ከሥር ያለው የማንትል ፍሰት ፕሌቶችን የሚነዳ ከሆነ ሰፊው ፕሌት ብዙ ጉልበት ይቀበላልና መፍጠን አለበት። ስፋትና ፍጥነት ግን ግንኙነት የላቸውም። የፓሲፊክ ፕሌት ከሁሉም ይሰፋል፣ ይፈጥናል፤ ከመካከለኛው አሜሪካ ፊት ለፊት ያለው ኮኮስ ፕሌት ደግሞ ከሱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፣ እሱም ይፈጥናል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ከዳርቻቸው ሰፊው ክፍል ወደ ማንትል እየሰመጠ መሆኑ ነው። እንዲህ ያሉት በዓመት ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይጓዛሉ። ሰማጭ ጫፍ የሌላቸው ወይም ትንሽ ብቻ ያላቸው ዩራሲያ፣ ሰሜን አሜሪካና አፍሪካ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር አያልፉም። በኔ ግምት ክርክሩን ለመዝጋት ይህ አንድ ንጽጽር ብቻውን በቂ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጦችም ይመሰክራሉ። ከ50 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ባለው የጠፍጣፋው ክፍል ውስጥ የሚነሡት በብዙ ቦታ ጠፍጣፋው ወደ ታች ሲሳብ፣ ሲለጠጥ የሚፈጠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2017 ሜክሲኮ ሲቲን የመታው 7.1 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ የተነሣው ከሁለቱ ፕሌቶች መገናኛ ሳይሆን ከኮኮስ ጠፍጣፋ ውስጥ፣ ዐለቱ በመለጠጡ ነበር። ወደ 600 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚነሡት ጠፍጣፋው በርዝመቱ ሲጨመቅ የሚፈጠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. 1994 ከቦሊቪያ ሥር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የተነሣው 8.2 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ የዚህ ዓይነት ነው። ላዩ የተንጠለጠለ፣ ታቹ የተገታ ነገር ሊያሳይ የሚገባውን ነው የሚያሳየው።

ሸንተረሮቹ ምን ይሠራሉ?

በውቅያኖስ መሃል የሚወጣው ቅልጥ ዐለት እንደ ሽብልቅ ገብቶ ፕሌቶችን ግራና ቀኝ ይገፋል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ዘንድ አለ። አፍሪካን ብቻ ማየት ይበቃል። በምዕራብ የአትላንቲክ ሸንተረር፣ በደቡብና በምሥራቅ የህንድ ውቅያኖስ ሸንተረሮች ከበዋታል፤ በሁለቱም በኩል አዲስ ወለል እየተጨመረላት ትሰፋለች። ፕሌቷ ከሰፋች ደግሞ ሁለቱ ሸንተረሮች ራሳቸው እየተራራቁ ነው ማለት ነው። ከሥራቸው የተተከለ ቋሚ የእሳት ምንጭ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር። ሸንተረሩ ፕሌቶቹ ሲለያዩ የሚፈጠር ክፍተት ነው፤ ከሥሩ ያለው ዐለት ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይቀልጣል፣ ክፍተቱንም ይሞላል። በካሊፎርኒያ በኩል የምሥራቅ ፓሲፊክ ሸንተረር በከፊል ከሰሜን አሜሪካ ሥር ገብቶ ጠፍቷል፤ የሳን አንድሪያስ ስንጥቅ የዚያ ውጤት ነው።

«የሸንተረር ግፊት» የሚባል እውነተኛ ጉልበት ግን አለ፤ ስሙ ነው የሚያሳስተው። አዲስ የውቅያኖስ ወለል 2.5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ይወለዳል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ይወርዳል፤ ጥልቀቱን ለማወቅ ዕድሜው በሚሊዮን ዓመት ተወስዶ የካሬ ሥሩ በ0.35 ይባዛል፣ 2.5 ይደመርበታል። 80 ሚሊዮን ዓመት ሲሞላው 5.6 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ መላው ፕሌት ከሸንተረሩ እየራቀ የሚወርድ ተዳፋት ላይ ተኝቷል፤ የመሬት ስበት ወደ ቁልቁለቱ ያንሸራትተዋል። ጉልበቱ በአንድ ሜትር ከ2 እስከ 3 ትሪሊዮን ኒውተን ነው፤ ከጥሬው ጉተታ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፣ ከወጪ በኋላ ከተረፈው ጋር ግን ይቀራረባል። አትላንቲክ ውቅያኖስ ሰማጭ ጠፍጣፋ ያለው በካሪቢያን ዳርና በደቡባዊው የስኮሺያ ቅስት ብቻ ነው። ያም ሆኖ በዓመት ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚከፈተው፣ ይህ ግፊትና ከሌላ ቦታ የሚመጣው የማንትል ፍሰት ተባብረው ነው።

ስለ ቀድሞ መላ ምቶች ብዙ አልልም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነር እ.ኤ.አ. 1912 አህጉሮች ይጓዛሉ ሲል ጉልበቱን ከምድር መሽከርከርና ከጨረቃ ስበት ለማምጣት ሞክሮ ነበር። እንግሊዛዊው የጂኦፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ጄፍሪስ አስልቶ እጅግ ደካማ መሆናቸውን አሳየ፣ እውነቱን ነበር። የጄፍሪስ ጥፋት፣ ጉልበቱ ስላልተገኘ እንቅስቃሴውም የለም ብሎ መደምደሙ ነው።

አፍሪካና አፋር

አሁን ወደ ቤታችን። አፍሪካ ረጅም ሰማጭ ጫፍ የላትም፤ ያለው በግሪክና በደቡብ ኢጣሊያ በኩል ያለው ትንሽ ነው። ዙሪያዋን ከሸንተረሮች የሚመጣው ግፊት ደግሞ ወደ ውስጥ ይጨምቃታል እንጂ አይቀድዳትም። ታዲያ የተጨመቀ አህጉር መሃሉ ላይ ለምን ይሰነጠቃል?

እዚህ ላይ ከሥር የሚወጣው ሙቀት ዋና ተዋናይ ይሆናል። ከደቡባዊው አፍሪካ ሥር፣ ከእምብርቱ ድንበር ላይ የሚጀምር ግዙፍ የሞቀ ማንትል አለ፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያዘነበለ ወደ አፋር እንደሚወጣ የሞገድ ምስሎች ያሳያሉ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የባዛልት ክምር የዚህ ሥራ ነው። ሙቁ ማንትል መሬቱን ወደ ላይ አንሥቶታል። መቀሌ አካባቢ ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው፤ ዛሬ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። ከፍ ያለ ሙቅ መሬት በራሱ ክብደት ወደ ጎን መዘርጋት ይፈልጋል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሚቀድደው ጉልበት በአብዛኛው ይህ ነው።

መጠኑ ግን ጥቂት ትሪሊዮን ኒውተን ብቻ ነው፤ ወፍራም ቀዝቃዛ አህጉርን በደረቁ ለመቅደድ አይበቃም። የጎደለውን የሚሞላው ቅልጥ ዐለት ነው። ዳይክ ተብሎ እንደ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ወደ ላይ ሲገባ፣ ዐለቱን ለመስበር ከሚያስፈልገው እጅግ ባነሰ ውጥረት ይከፍተዋል። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ አብዛኛው መለጠጥ ዳርና ዳር ባሉት ትላልቅ ገደሎች ላይ ሳይሆን መሃል ለመሃል፣ የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ በሚባለው ጠባብ መስመር ላይ የሚካሄደው ለዚህ ነው። እሳተ ገሞራዎቹ ፈንታሌና ዶፈን የሚገኙት እዚያው ላይ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ አዋሽ ፈንታሌን ያናወጠው ተከታታይ መንቀጥቀጥ፣ ታኅሣሥ 26 የደረሰው 5.7ና የካቲት 7 የደረሰው 6.0 መጠን ያላቸውን ጨምሮ፣ ከሥር ዳይክ ሲገባ የተፈጠረ መሆኑን የሳተላይት ራዳር አሳይቷል። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል።

አረቢያ ግን ሌላ ታሪክ አላት። ከአፍሪካ ተቆርጣ በፍጥነት የሄደችው ከሥሯ የወጣው ሙቀት ስለገፋት ብቻ አይደለም፤ ሰሜን ምሥራቃዊ ጫፏ፣ የጥንቱ ቴቲስ ውቅያኖስ ወለል፣ ከኢራን ሥር እየሰመጠ ይጎትታት ነበር፤ በመክራን (በኢራንና በፓኪስታን የባሕር ዳርቻ) በኩል ዛሬም ይሰምጣል። ሙቀቱ አዳከመ፣ ጉተታው ቀደደ። የሁለቱ ልዩነት በፍጥነት ይታያል፦ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል፣ በሰሜን አፋር ኬክሮስ አረቢያ ከአፍሪካ የምትርቀው በ16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጎታች ያለውና የሌለው።

ከጥልቅ ማንትል የሚወጣ ሙቅ ዐምድ ፕሌትን መግፋት ይችላል ወይ ለሚለው ደግሞ ከህንድ የሚሻል ምሳሌ የለም። ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ከሬዩኒየን ደሴት ሥር ያለው ዐምድ ከሥሯ ወጥቶ በደካን አምባዋ ላይ ባዛልት ሲያፈስስ ህንድ በዓመት ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ትሮጥ ነበር፤ በዚያው ጊዜ ከዐምዱ በሌላው ወገን ያለችው አፍሪካ ዝግ አለች። ዐምዱ ሲዳከም ህንድም ቀዘቀዘች፣ ከእስያ ጋር ከተጋጨች በኋላ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ወረደች። ስለዚህ የዐምድ ግፊት የለም ማለት አይቻልም፤ ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ተጨማሪ ነው።

ቁጥሮችን ለማመሳከር

ፍጥነትን ሲያነቡ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከምን አንጻር?» ነው። በዓለም አቀፉ የጂፒኤስ ማጣቀሻ ሥርዓት አዲስ አበባ በዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትጓዛለች። ይህን ያየ ሰው ስምጥ ሸለቆው እየተዘጋ ነው ሊል ይችላል፤ ግን ከሸለቆው ማዶ ያለው የሶማሊያ ፕሌትም ወደዚያው አቅጣጫ ይሄዳል፣ ትንሽ ቀድሞ። መከፈቱ የሁለቱ ልዩነት ነው፣ 5 ሚሊ ሜትሩ። አንድን ጣቢያ በሚሊ ሜትር ደረጃ ለማመን ደግሞ ቢያንስ የሁለትና ሦስት ዓመት ተከታታይ ልኬት ያስፈልጋል፤ ዝናብና ድርቅ ብቻውን መሬቱን በየወቅቱ በሚሊ ሜትሮች ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ያለ መሣሪያ ማስላትም ይቻላል። በሃዋይ ደሴቶች ካዋይ ከተወለደች 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ ዛሬ ከሚነደው ኪላዌያ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። 500 ኪሎ ሜትር ለ5 ሚሊዮን ዓመት ሲካፈል በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጂፒኤስ ከሚለካው የፓሲፊክ ፍጥነት ጋር ይቀራረባል።

አማካይ ፍጥነት ማለት ግን መሬቱ በየዓመቱ ያችን ታህል ይከፈታል ማለት አይደለም። ፕሌቶቹ መሃላቸው ላይ ሳያቋርጡ ይጓዛሉ፣ ድንበራቸው ግን ተጣብቆ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይለቅቃል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዳይክ ገብቶ መሬቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ከፈተው። 8 ሜትር ለ16 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 500 ዓመት ነው፤ የአምስት መቶ ዓመት ውዝፍ በአንዴ ተከፈለ። ከዚያ በኋላ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ከአሥር በላይ ትናንሽ ዳይኮች ተከተሉ።

ይህንን ሂሳብ የያዘ ሰው በእ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 ኬንያ ናሮክ አካባቢ የታየውን ስንጥቅ በሌላ ዓይን ያየዋል። «አፍሪካ ለሁለት ተከፈለች» የሚል ርዕስ ዓለምን ዞሮ ነበር። የዳባሁ ዓይነት መከፈት ቢሆን ኖሮ የመንቀጥቀጥ መንጋ ይቀድመው፣ ሳተላይት ራዳርም በሁለቱም ወገን የመሬቱን መራቅ ያሳይ ነበር። እዚያ የነበረው ከባድ ዝናብ ነው፤ ጎርፉ ልል የሆነውን የእሳተ ገሞራ አመድ አፈር ከሥር አጥቦ ሲወስደው ላዩ ተደረመሰ።